የቤት ሽያጭ መዘግየትና የነጋዴው ጥንቃቄ

በዱብሉቅ ገበያ አንድ በሬ ወይም አንድ ግመል ለመሸጥ ሻጭና ገዥ ከተስማሙ ርክክቡ በዚያው ዕለት ይፈጸማል። ቤት ግን እንዲህ አይሸጥም። ዋጋው በአንድ ቀን ቢቆረጥም ስሙ እስኪዛወር ድረስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እስከዚያም ሻጩ ገንዘቡን፣ ገዥው ደግሞ ቤቱን በተስፋ ይጠባበቃሉ።

ይህ መዘግየት በቦረና ምድር በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የብዙው ሰው ሀብት በከብት መልክ ያለ ስለ ሆነ፣ ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከብቱን መሸጥ አለበት። ዝናብ ዘንቦ ከብቱ ሲወፍር ዋጋው ይወጣል፤ ዝናብ ሲቀር ይወድቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቀሩ ጊዜ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። የመጨረሻውን ክፍያ ከብት ሸጦ ሊፈጽም ያሰበ ገዥ ጉዳዩ ሳያልቅ እንዲህ ያለ ድርቅ ቢደርስበት፣ ቤቱንም ቀብዱንም ሊያጣ ይችላል። ከብቱን ፈጥኖ የሸጠው ደግሞ የያዘው ብር ኑሮ በተወደደ ቁጥር የመግዛት ኀይሉ ይቀንስበታል።

የመዘግየቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ በፊት ያለ ጉድለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ስለሚደነግግ፣ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። እንግዲህ የይዞታ ማረጋገጫው በሟች አባት ስም የቀረ፣ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ሆኖ የአንዳቸው ፈቃድ የጐደለ፣ ወይም ለባንክ ዕዳ በመያዣነት የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ ከመንገድ ላይ ይቆማል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሁሉ መሣሪያ ሰጥቷል። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በቁጥር 1889 ደግሞ ተዋዋዮች የኪሣራውን ልክ አስቀድመው ሊወስኑ ይችላሉ፤ መቀጫው ስለ መዘግየት የተወሰነ ከሆነም፣ ባለመብቱ መቀጫውንም የውሉንም መፈጸም በአንድነት ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ብልህ ሻጭ ገዥ ከመፈለጉ በፊት የወራሽነት ማስረጃውን፣ የትዳር ጓደኛውን ፈቃድና የግብሩን ደረሰኝ ያሟላል። ብልህ ገዥም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መዝገቡን ከማዘጋጃ ቤት ያጣራል፤ ዋናውን ክፍያ ስሙ ከሚዛወርበት ቀን ጋር ያያይዛል፤ የክፍያውንም ጊዜ ከብት ዋጋ በሚያወጣበት ወራት ያደርጋል። ሁለቱም ቀነ ገደቡንና የመዘግየቱን መቀጫ በውሉ ላይ ያሰፍራሉ። ቀኑ ያለፈበት ወገንም ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ወዲያው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

በቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ዘንድ አባ ሄሬጋ የመጠጫውን ተራ ባይጠብቅ ኖሮ፣ ውኃው ሳያልቅ ጠብ በተነሣ ነበር። ከብት ተራውን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የተራውን ቀን ያውቃል። በቤት ሽያጭም ሰውን የሚያከስረው መጠበቁ ብቻ ሳይሆን፣ እስከ መቼና በማን ኪሣራ እንደሚጠብቅ ሳይወሰን መቅረቱ ነው።