የአካባቢ ምሕንድስና ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ከካራቆሬና ከይፋት ቆላ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ከታለፉ በኋላ፣ ከሚሴም ከመደረሱ በፊት፣ ካራቆሬ ትገኛለች። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ካለው ስመ ሞክሼዋ ሰፈር ጋር መምታታት የለባትም። በስተምዕራብ የደጋው ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው ይታያሉ፤ በስተምሥራቅ ምድሩ እየዘቀጠ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ ስፍራ አድጎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የሚያልፍ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ከሚቀርቡለት የትምህርት ክፍሎች መካከል «የአካባቢ ምሕንድስና» የሚል ስም ሊያጋጥመው ይችላል። ስሙን ያነበበ ተማሪ ግን ውስጡን ዐወቀ ማለት አይደለም። «አካባቢ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ከችግኝ ተከላና ከግቢ ጽዳት ጋር ተያይዞ ስለሚነገር፣ ትምህርቱ ስሌት የሌለበት ቀላል ትምህርት መስሎ የሚታየው አለ። ምሕንድስና መሆኑን ብቻ ተመልክቶም ከቤትና ከመንገድ ሥራ ጋር አንድ የሚያደርገው አይጠፋም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትምህርቱን ምንነት ማብራራትና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ምርጫ እንዴት ሊያዘጋጁ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። ዋናው ሐሳብም ይህ ነው፦ የአካባቢ ምሕንድስናን በትክክል መምረጥ የሚችለው፣ በየቀኑ የሚቀዳውን ውሃና የሚደፋውን እጣቢ በቁጥር መመርመር የለመደ ተማሪ ነው።

1. የትምህርቱ ትርጉምና አመጣጥ

የአካባቢ ምሕንድስና ውሃን፣ አየርንና አፈርን ከብክለት የመጠበቅ፣ የተበከለውንም ለጤና ወደሚስማማ ደረጃ የመመለስ የስሌትና የግንባታ ሙያ ነው። ሐኪም የታመመውን ያክማል፤ የአካባቢ መሐንዲስ ግን በሽታው በውሃ፣ በፍሳሽ ወይም በጭስ ተሸክሞ ከሰው ዘንድ እንዳይደርስ መንገዱን ይዘጋል።

ሙያው በዓለም ዙሪያ የተወለደው ከወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች መኖሪያ በካርታ ላይ በማስፈር፣ ሕመሙ ከአንድ የውሃ መቅጃ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ለከተማይቱ የፍሳሽ መስመር ዘረጋ። ሐኪሙ የበሽታውን ምንጭ ለየ፤ መሐንዲሱ ደግሞ መፍትሔውን ገነባ።

በአገራችንም አጀማመሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በደምቢያ ሜዳ ከደረሰው ከባድ የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችንም ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች ምንጭ በማጎልበት፣ መጸዳጃ ቤት በማስቆፈርና ረግረግ በማድረቅ ሥራ ተሰማርተዋል። በምሕንድስናው በኩል ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም መሠረት ጥሏል። ዛሬ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ አቅርቦትና አካባቢ ምሕንድስና፣ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የአካባቢ ምሕንድስና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

2. ተማሪው የሚማረው

የምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት፣ በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተጀመረውን የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ጨምሮ፣ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሂደቱ በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የመሠረት ደረጃ ነው። በዚህም ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት ይጠናሉ። የአካባቢ ምሕንድስናን ከሌሎች የምሕንድስና ዘርፎች የሚለየው ኬሚስትሪንና የጥቃቅን ተሕዋስያንን ጥናት ከሒሳብ እኩል መፈለጉ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የፈሳሾችን እንቅስቃሴ፣ የዝናብንና የወንዝን ስሌት፣ የቅየሳ ሥራንና የአፈር ጠባይን ያስተምራል። በሦስተኛው ደረጃ ተማሪው ወደ ሙያው ዋና ክፍል ይገባል፤ ይኸውም የመጠጥ ውሃ ማጣራት፣ የፍሳሽ ማከም፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ፣ የአየር ብክለት ቁጥጥርና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። በተጨማሪ በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድና የመመረቂያ ሥራ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ።

3. አንድ ምሳሌ በስሌት

ትምህርቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት መሥራት ይበቃል። አሥር ሺህ ሕዝብ ያለባት የቆላ ከተማ አለች እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 40 ሊትር ውሃ ቢታሰብ፣ ከተማይቱ በቀን 400,000 ሊትር ወይም 400 ሜትር ኩብ ያስፈልጋታል። ለአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲገባ ከተወሰነ፣ በቀን የሚያስፈልገው ንጹሕ ክሎሪን 400 ግራም ይሆናል። በመጋዘን ያለው የክሎሪን ዱቄት ከመቶ 65 እጅ ብቻ ክሎሪን ከሆነ ግን፣ የሚመዘነው ዱቄት 615 ግራም ገደማ ነው።

ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ክሎሪኑ ከውሃው ጋር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ውሃው ከቦኖው ሲቀዳም በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ሊቀርለት ይገባል። ይህ ካልሆነ ከማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውሃ በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ባልታጠበ ጄሪካን እንደገና ይበከላል። ከተቀዳው ውሃ ከመቶ 80 እጁ ተመልሶ ፍሳሽ ይሆናል ተብሎ ቢገመት፣ ከተማይቱ በየቀኑ 320 ሜትር ኩብ እጣቢ ታወጣለች። ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? የውሃ አቅርቦት በተስፋፋ ቁጥር የፍሳሽ ጥያቄ አብሮ እንደሚያድግ በዚህ ይታወቃል። የአካባቢ መሐንዲስም ውሃው ከመጣ በኋላ የሚመለስበትን መንገድ ጭምር የሚያስብ ነው።

4. የይፋት ቆላ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች

ከላይ የተመለከተው ስሌት በየትኛውም አገር አንድ ነው። አፈጻጸሙ ግን እንደየቦታው ይለያያል። የይፋት ቆላም ለአካባቢ መሐንዲስ ቢያንስ አራት የራሱ ጥያቄዎች አሉት።

አንደኛው ሙቀት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ፣ በ30 ዲግሪ ከ8 ሚሊግራም በታች ይይዛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት እጣቢ በደጋ ወንዝ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በቆላ ወንዝ ላይ የሚያደርሰው ይከፋል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ጥቅምም አለው። ፍሳሽን በኩሬ አቆይቶ በፀሐይና በተሕዋስያን ኃይል የማከም ዘዴ፣ ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ በቆላ ፈጥኖ ይሠራል። ነገር ግን የኩሬው ዳር ሣር ከበቀለበት የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። መሐንዲሱ ጥልቀቱንና የዳሩን ጽዳት በንድፉ ካላሰበበት፣ አንዱን በሽታ ሲከላከል ሌላውን ይጠራል።

ሁለተኛው ከላይ የሚመጣ ውሃ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ ወንዞች ከተራራው እየተወረወሩ በመውረድ በክረምት ደራሽ ጎርፍና ደለል ያመጣሉ። የቦርከና ወንዝም የደሴንና የኮምቦልቻን አካባቢ አልፎ በጨፋ ሜዳና በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይጓዛል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ላይ የተለቀቀ ፍሳሽ ታች ላለው ገበሬ ከብት ማጠጫና አትክልት ማልሚያ ሆኖ ይደርሳል።

ሦስተኛው የመስኖ ውሃ ነው። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያበቅለው ቦይ ውሃው ከቆመበት የወባ ትንኝና የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ መጠለያ ሊሆን ይችላል። ቢልሃርዝያን በሚመለከት ከአገራችን የወጣ ታላቅ ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ወደሚያሳየው ምርምር አደረሳቸው። ግኝቱ የተጀመረው በውድ መሣሪያ ሳይሆን ሁሉም ሲያየው የኖረውን ነገር አስተውሎ በመመልከት ነበር።

አራተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፈራርሷል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። የጂኦፊዚክስ ሊቁ ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ይህ አደጋ ሰፊ ስፍራ ይዟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል። ምድር ስትንቀጠቀጥ ከግድግዳው ሌላ የውሃ ማጠራቀሚያው ይሰነጠቃል፤ የቱቦ መጋጠሚያ ይላቀቃል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ ሊሰርግ ይችላል። ከፍርስራሹ የተረፈ ሰው በተበከለ ውሃ እንዳይሞት መጋጠሚያው መተጣጠፍ የሚችል እንዲሆን አስቀድሞ የሚያስበው የአካባቢ መሐንዲስ ነው።

5. ምርጫውና የሥራው መስክ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 እና ቁጥር 300 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማንና የብክለት ቁጥጥርን ሕጋዊ መሠረት አስይዘዋል። ሕግ ግን ራሱን በራሱ አይፈጽምም። በወንዙ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ስንት እንደሆነ የሚለካ፣ ማከሚያውን የሚነድፍና ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልገዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸው፣ ቆሻሻን መከመርና ቆሻሻን በሙያ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያዩ በመራር ትምህርት አሳይቷል።

ተመራቂው በከተማ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ በውሃ ቢሮ፣ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ በፋብሪካ የፍሳሽ ማከሚያ ወይም በአማካሪ ድርጅት ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ተማሪው አንድ ነገር ሳይሸፈን ሊነገረው ይገባል። የሥራ ማስታወቂያዎች ሁልጊዜ የዚህን ሙያ ስም ለይተው አይጠሩም፤ ተመራቂው ከሲቪልና ከውሃ ሀብት መሐንዲሶች ጋር ለአንድ መደብ ሊወዳደር ይችላል። ይህን ዐውቆ የገባ ተማሪ ይበረታል፤ ሳያውቅ የገባ ግን ስሙ አታሎት እንደቀረ ይቆጥረዋል።

6. የመምህሩ ድርሻ

ለዚህ ዝግጅት አዲስ መጽሐፍ ወይም ልዩ ላቦራቶሪ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀጥሎ የተመለከቱት ሦስት ተግባሮች በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ ይችላሉ።

ሀ) የምንጭን ወይም የቦኖን ፍሰት መለካት። ባለ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሰዓት ይያዛል። በ40 ሰከንድ ቢሞላ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በሃያ አራት ሰዓት 43,200 ሊትር ነው። ለሰው 40 ሊትር ቢታደል ለ1,080 ሰዎች ይበቃል። ተማሪዎች ይህን ከቀበሌያቸው ሕዝብ ጋር ያነጻጽሩ።

ለ) የጎርፍ ውሃን ማስቀመጥ። በክረምት ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ በሁለት ብርሌ መሰል ጠርሙሶች ይሞላል። በአንደኛው ጥቂት አሉም ይጨመርና ይማሰላል፤ ሁለተኛው እንዳለ ይተዋል። ዝቃጩ በየአሥር ደቂቃው በማስመሪያ ይለካል። ውጤቱ በግራፍ ሲሰፍር የማጣሪያ ገንዳ ንድፍ መነሻ ይሆናል። የጠራ ውሃ ሁሉ ከጀርም የጸዳ እንዳልሆነም መምህሩ በዚሁ አጋጣሚ ያስረዳል።

ሐ) የመጸዳጃና የውሃ ጉድጓዶች ካርታ መሥራት። ተማሪዎች በሰፈራቸው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በገመድ ይለኩ፤ የመሬቱን ዘቅዛቃነትም ያመልክቱ። ለመነሻ የሚያገለግለው ልማዳዊ ርቀት 30 ሜትር ነው። መጸዳጃው ከላይ፣ የውሃው ጉድጓድ ከታች ከሆነ ግን ርቀቱ ብቻ አያስተማምንም። በዚህ ሥራ የማንም ቤተሰብ ስም በካርታው ላይ እንዳይጻፍና ማንም እንዳይነቀፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

እነዚህን ተግባሮች የሒሳብ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ሕይወትና የጂኦግራፊ መምህራን ተባብረው ቢመሩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሙያው የቆመው በአራቱ መገናኛ ላይ ነውና። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም እጩ መምህራን ከመመረቃቸው በፊት ቢያንስ አንዱን ተግባር በራሳቸው እጅ ሠርተው እንዲያዩ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ማጠቃለያ

የአካባቢ ምሕንድስና ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ለሁሉም ተማሪ የሚስማማም አይደለም። ኬሚስትሪን የሚሸሽ ተማሪ ይቸገርበታል። በንጹሕ ቢሮ ብቻ መሥራት የሚሻም እንዲሁ። ባልዲውን ይዞ ሰዓቱን ሲቆጥር፣ ዝቃጩን ሲለካ፣ ገመዱን ሲዘረጋ ደስ የሚለው ተማሪ ግን ለሙያው የሚያበቃውን ዝንባሌ አሳይቷል ማለት ነው። ካራቆሬ የመሰለች ከተማ ሙቀቷን፣ ጎርፏንና የምድሯን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሐንዲስ ያስፈልጋታል። ያ መሐንዲስ ዛሬ ከቦኖው ፊት ጄሪካኑን አስቀምጦ ተራ ከሚጠብቁት ልጆች አንዱ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር፣ ተራው እስኪደርስ ፍሰቱን እንዲቆጥር ማስተማር ነው።