ያውቁ ኖሯል? በኤል ታቲዮ ውኃ የሚፈላው በ86 ዲግሪ ነው

በሰሜን ቺሊ፣ ከአታካማ በረሃ በስተምሥራቅ ባሉት የአንዲስ ተራሮች ላይ ኤል ታቲዮ የተባለ የጋይዘሮች ሜዳ አለ። ጋይዘር የጋለ ውኃና እንፋሎት ከምድር ሥር እየተስፈነጠረ የሚወጣበት ፍል ውኃ ነው። ኤል ታቲዮን ቢጎበኙ፣ ከፊትዎ ሲንተከተክ የሚያዩት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

• ምክንያቱ ከፍታው ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውኃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

• ጎብኚዎች ሳይነጋ የሚደርሱት በምክንያት ነው። ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ትኩሱ እንፋሎት ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተለውጦ ረጅም ነጭ ዓምድ ይሠራል። ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲሞቅ ዓምዱ እየሳሳ ይሄዳል። በፍል ውኃው ዳር በረዶ ግግር ብሎ ማየትም የተለመደ ነው።

• ኤል ታቲዮ ከ80 በላይ ጋይዘሮች ያሉት፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ትልቁ የጋይዘር ሜዳ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ውኃውን የሚረጩት ከአንድ ሜትር በታች ነው።

• ውኃው ሲቀዘቅዝና ሲተን በውስጡ የሟሟው ሲሊካ በጋይዘሮቹ ዙሪያ ይጋገራል፤ ጣት መሰል ጉጦችም ያበቅላል። የናሳዋ ስፒሪት ተሽከርካሪ በማርስ ላይ ያገኘችው ሲሊካ ከእነዚህ ጉጦች ጋር በቅርጽ እንደሚመሳሰል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አሳውቀዋል።