ለአነስተኛ ቤተሰብ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲመረጥ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ መንደሮች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ በየግቢው በተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አንሶላ፣ የተማሪ ዩኒፎርምና ጋቢ ተሰጥቶ ማየቱ አይቀርም። ከዚህ ጀርባ ያለው ድካም ግን ብዙም አይታይም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎች ሌሊት ተነስቶ በርሜልና ጄሪካን መሙላት፣ ልብሱን መዘፍዘፍ፣ በሳፋ ማሸት፣ ማለቅለቅና መጭመቅ የዕረፍት ቀንን እኩሌታ ይወስዳል። ይህም ሥራ በአብዛኛው በእናቶች፣ በእህቶችና በቤት ሠራተኞች ትከሻ ላይ የወደቀ ነው።

ይህን ጫና ለማቃለል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት የሚያስቡ ደመወዝተኛ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ይሁንና ከውጭ የሚገባ ማሽንና የመለዋወጫው ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ የምንዛሪ ተመኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። በመሆኑም በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ዕቃ ሁለት ጊዜ የመግዛት አቅም አይኖረውም። ያለ ጥናት የተገዛ ማሽን ውኃ ሳይስብ ወይም ብሬከር እየጣለ ቆይቶ በመጨረሻ የዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል።

ለመሆኑ ገበያ ላይ ያሉት ማሽኖች በምን ይለያያሉ? በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሁለት ገንዳ ያለው፣ በአንዱ የሚታጠብበትና በሌላው የሚጨመቅበት ከፊል አውቶማቲክ ማሽን ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚከፈት ሙሉ አውቶማቲክ ሲሆን፣ ሦስተኛው በሩ ከፊት ለፊት ያለው ሙሉ አውቶማቲክ ነው።

የውኃ አጠቃቀማቸው በእጅጉ ይለያያል። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ልብሱን በጥቂት ውኃ ውስጥ እያነሳና እየጣለ ስለሚያጥብ ለአንድ ዙር ከ40 እስከ 60 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ከላይ የሚከፈተው ግን ልብሱ በውኃ ተውጦ እንዲሽከረከር ስለሚያደርግ ከ100 ሊትር በላይ ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ውኃ ለመጀመሪያው ሦስት ወይም አራት ዙር የሚበቃ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ሁለት ዙር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ገዢዎችን የሚያሳስተው ዋነኛ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ውኃ የሚቆጥበው ማሽን ከበርሜል በባልዲ እየተቀዳ ሊሠራበት አይችልም፤ ግፊት ያለው የቧንቧ መስመር ይፈልጋል። ብዙ ውኃ የሚፈጀው ከፊል አውቶማቲክ ግን በባልዲ ሊሞላ ይችላል። በዚህ ማሽን ነጭ ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውኃ ለባለ ቀለም ልብስ ደግሞ መጠቀምም ይቻላል። ስለሆነም የምርጫው መነሻ የማሽኑ ዘመናዊነት ሳይሆን ውኃው ወደ ቤት የሚደርስበት ሁኔታ ሊሆን ይገባል።

አብዛኞቹ ሙሉ አውቶማቲክ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ባር የሚደርስ የውኃ ግፊት ይጠይቃሉ። አንድ ባር ማለት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ውኃ የሚገኝ ግፊት ነው። ስለዚህ ውኃው ከጣሪያ ላይ ታንከር በሚወርድበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ቤተሰብ ከ1 ባር የሚበልጥ ግፊት ሊያገኝ ሲችል፣ የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ግን ታንከሩ ከቧንቧው በላይ ሦስት ሜትር ብቻ ስለሚርቅ 0.3 ባር እንኳ ላያገኝ ይችላል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት «የእኔ በደንብ ይሠራል» ብሎ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት የግድ አይደለም። ማሽኑ የሚገጠምበትን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍቶ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ መለካት ይቻላል። አንዳንድ አምራቾች በደቂቃ ቢያንስ 8 ሊትር መፍሰስ እንዳለበት በመመሪያቸው ያመለክታሉ፤ ይህም ባልዲው በ75 ሴኮንድ ውስጥ መሙላት አለበት ማለት ነው። ልኬታው ውኃው ከዋናው መስመር በሚመጣበት ቀንም ሆነ ከታንከር በሚወርድበት ቀን ቢደገም ይመረጣል። ግፊቱ ካነሰ ከራስ ታንከር የሚስብ አነስተኛ ፓምፕ መጨመር አንዱ መፍትሔ ነው። ከሕዝብ መስመር ላይ በቀጥታ በፓምፕ መሳብ ግን የጎረቤትን ድርሻ የሚነካ በመሆኑ ሊወገድ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከፊት የሚከፈቱት ማሽኖች ውኃ የሚያሞቁበት ክፍል በአብዛኛው 2,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ በበኩሉ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ሁለቱ በ220 ቮልት በአንድ ጊዜ ቢሠሩ 25 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ፣ መስመሩን ሊያግሉ ወይም ብሬከር ሊጥሉ ይችላሉ። በመሆኑም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሽኑን አለመክፈት፣ ማሽኑንም ከማከፋፈያ ገመድ ሳይሆን የመሬት ሽቦ ካለው የግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

ስለ ፍጆታው ግን ከመጠን በላይ መስጋት አይገባም። 15 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ምጣድ በአንድ ሰዓት ከሚፈጀው አንድ አምስተኛ ነው። ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ማሞቅ ደግሞ ከ0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ይወስዳል። የዘወትር ልብስ በዝቅተኛ ሙቀት ሊታጠብ ስለሚችል፣ ከፍተኛውን ሙቀት ለአንሶላ፣ ለፎጣና ለሕፃናት ጨርቅ ማቆየት ይበጃል።

የማሽኑ መጠን የሚገለጸው በደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ከሁለት እስከ አራት አባላት ላሉት ቤተሰብ 6 ወይም 7 ኪሎ ግራም የሚይዝ ማሽን በቂ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ግን ውኃ ሲጠጡ እጅግ ስለሚከብዱ ለብቻቸው መታጠብ ይኖርባቸዋል። ጥለት ያለው ነጠላ ቀለሙ እንዳይለቅና ክሩ እንዳይመዘዝ በመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በቀዝቃዛ ውኃና በዝግታ ዙር ቢታጠብ፣ ካልሆነም በእጅ ቢታጠብ የተሻለ ነው። በክረምት ወራት ልብስ ማድረቅ ለሚቸግረው የፎቅ ነዋሪ ደግሞ የመጭመቂያ ፍጥነቱ በደቂቃ 1,000 ዙርና ከዚያ በላይ የሆነ ማሽን ጠቃሚ ነው።

ከግዢው በኋላ የሚፈጸሙ ስህተቶችም አሉ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ሊፍት በሌለበት ሕንፃ የማውጣቱ ነገር ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በጉዞ ወቅት የሚሽከረከረውን ቋት አጥብቀው የሚይዙት ቡሎኖች ከጀርባው ሳይፈቱ ማሽኑ ቢከፈት በኃይል ይንዘፈዘፋል፤ ሊሰበርም ይችላል። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ ዱቄት ሳሙና፣ በተለምዶ ኦሞ የሚባለው፣ ብዙ አረፋ ስለሚያወጣ ልብሱ በሚገባ እንዳይለቀለቅ ያደርጋል። በመሆኑም ለአውቶማቲክ ማሽን የተባለውን አነስተኛ አረፋ ያለው ሳሙና መጠቀም ያስፈልጋል። መብራት በመካከል ቢጠፋ በሩ ተቆልፎ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከታች ባለው ማጣሪያ በኩል ውኃውን ማፍሰስ እንደሚቻል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ገዢው ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ከመቀበል ባሻገር፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ዝቅተኛ የውኃ ግፊት፣ የፓምፑና የበሩ ጎማ መለዋወጫ በከተማው መኖር አለመኖሩን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ከላይ ከተዘረዘረው መረዳት እንደሚቻለው፣ ውኃ በበቂ ግፊት የሚያገኝ ቤተሰብ ከፊት የሚከፈተውን 6 ወይም 7 ኪሎ ግራም የሚይዝ ማሽን ቢመርጥ በውኃም በልብሱ ዕድሜም ይጠቀማል። ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚያገኝና በበርሜል ለሚያጠራቅም ደግሞ ከፊል አውቶማቲኩ፣ የሰው ድካም ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም፣ በማንኛውም ቀን የሚያገለግል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ አጣቢ የሚቀጥር ቤተሰብ ሁለቱን ወጪዎች ሲያነጻጽር በገንዘብ ረገድ ማሽኑ ወዲያው ላያዋጣው ይችላል። በስሌቱ ውስጥ ግን የገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የሰዓቱ ጉዳይም ሊካተት ይገባል። ቅዳሜን በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የምታሳልፈው እናት ወይም የቤት ሠራተኛ የምታተርፈው ግማሽ ቀን በደረሰኝ ላይ ባይጻፍም የግዢው ትልቁ ትርፍ ነውና፣ ቤተሰቡ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ባልዲና ሰዓት ይዞ ቧንቧውን ቢለካ ይህን ትርፍ በእርግጥ ሊያገኘው ይችላል።