ሳቁ ለአባት፣ አቋቋሙ ለልጅ

በአርብ ገበያ፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ የአለቃ ገብረ ሐና ስም ልጆች ጆሮ የሚገባው ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። በተረቱ ውስጥ አለቃ መልስ አያጡም፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማዘንጊያን፣ ባለጠጋውን፣ ቤተ መንግሥቱንም ሳይቀር በኅብረ ቃል ይሸነቁጣሉ። ተረቱ የዘለለው ግን የሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል ነው። የፎገራው ተወላጅ በጎንደር የበአታ አለቃ የነበሩ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ሊቅ ናቸው። በመቋሚያና በጸናጽል የሚዘመምበትን አዲስ ስልት ሲያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ወስዶ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ላይ ተከለው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው ይኸው ነው። የድካማቸው ፍሬ በልጃቸው ስም ተጠራ፤ ለእሳቸው የቀረላቸው ሳቁ ነው። ይህን ማለፍ ለእኔ ከባድ በደል ነው።

«በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የእሳቸው አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሌሎች ተረበኞች ጨዋታም በእሳቸው ላይ ተለጥፏል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ምንጩ የማይታወቅ ቀልድ ስማቸውን ሲሸፍነው፣ በየማኅሌቱ በዓይን የሚታየው ሥራቸው ያለ ስማቸው ቀረ። በሌላውም ዓለም ተረት ሰውን እንዲህ ይውጣል። የማያረጀው ልጅ ተረት «ፒተር ፓን» እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ ወጣ፤ ለደራሲው መነሻ ከሆኑት የዴቪስ ወንድማማቾች አንዱ በ1915 ጦር ሜዳ ሞተ፤ አንዱ በ1921 ውኃ በላው፤ ስሙን ለተረቱ የሰጠው ፒተር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ስም ሲማረር ኖሮ በ1960 ራሱን አጠፋ። ያ ሁሉ መከራ የማያረጀው ልጅ ታሪክ ውስጥ የለም።

ልጅ ሳቅ እንጂ የሊቃውንት ጠብ ምን ያደርግለታል የሚለው ሙግት ይከብዳል፤ ሆኖም ልጅን ያሳንሳል። ፈጠራው ተጥሎበት ለልጁ ያወረሰ አባት ታሪክ የስምንት ዓመት ልጅ ልብ ይገባል። ጨዋታ አዋቂነታቸውም የበለጠ ይገባዋል፤ በትልልቆች ደጅ የሚያድር ሊቅ ቅሬታውን በግልጽ ከመናገር በኅብር መሸፈን ይቀለው ነበርና። ነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ ሲጨፈር፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሲነግሥ፣ ከሆያ ሆዬው ጎን ይህንንም መንገር ይቻላል። የልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጁትም ከቀልዶቹ መካከል ለመቋሚያው አንድ ምዕራፍ ይስጡት።