ይግባኝ ያለ ጠበቃ

ይግባኝ ሲባል ክርክሩን ከመነሻው እንደገና ማካሄድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የይግባኝ ችሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስክር አይሰማም፤ የሚመረምረው የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ነው። ይግባኝ ባዩ «አላደረግሁም» ብሎ ቢምል አይበቃውም። ዳኛው ሕጉን የት ላይ እንደሳተ፣ የትኛውን ማስረጃ ያለአግባብ እንደተቀበለ፣ ቅጣቱም ለምን እንደከበደ በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው እስረኛ ብቻውን ይወጣው ማለት መብቱን በወረቀት ሰጥቶ በተግባር መንፈግ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ላይ እልባት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዓለም የሚያስታውሰው ሌላ ውሳኔ፣ የፍሎሪዳው የጌዲዮን ጉዳይ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድኻ በመጀመሪያው ችሎት መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት አደረገ። በዚያው ቀን የተሰጠው «ዳግላስ በካሊፎርኒያ ላይ» ግን በጌዲዮን ዝና ተሸፍኗል፤ ያሳዝናል። ሁለት ሰዎች በ13 ከባድ ወንጀሎች አንድ ላይ ተከሰሱ። የተመደበላቸው አንድ ተከላካይ ጠበቃ ብቻ ነበር። ጠበቃው አልተዘጋጀሁም፣ የሁለቱ ጥቅምም ይጋጫል ብሎ ቀጠሮ ቢጠይቅ ተከለከለ። ተከሳሾቹም አሰናበቱት፤ ተፈረደባቸውና ይግባኝ አሉ። በይግባኙም ጠበቃ እንዲቆምላቸው ሲለምኑ ችሎቱ ራሱ መዝገቡን አገላብጦ፣ ጠበቃ ቢቆም የሚረባ ነገር የለም ሲል መለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጠበቃው ምን እንደሚያገኝ ሳይታይ እንዴት አይረባም ይባላል? ገንዘብ ያለው ሰው ይግባኙ ከመመዘኑ በፊት ጠበቃው ይናገርለታል፤ የሌለው ግን ሳይናገሩለት ይመዘናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ይህን አድልዎ ሽሮ፣ ሕግ በመብትነት ለሚሰጠው የመጀመሪያ ይግባኝ መንግሥት ጠበቃ ማቆም አለበት አለ። በ1974 ደግሞ ወሰን አበጀለት፤ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ብቻ ወደሚታየው ቀጣይ ይግባኝ ግዴታው አይዘልቅም። በ1985 የኬንታኪ ጉዳይ ጠበቃው አንድ የሚፈለግ ሰነድ ባለማስገባቱ ይግባኙ ተዘግቶ ነበር። ፍርድ ቤቱም ጠበቃ በስም መቆሙ ብቻ አይበቃም፣ በአግባቡ መሥራትም አለበት ብሎ ወሰነ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ሁለቱን መብቶች አጎራብቶ አስቀምጧቸዋል። ንዑስ አንቀጽ 5 ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል ሲችል ከመንግሥት ጠበቃ ያገኛል ይላል፤ ንዑስ አንቀጽ 6 ይግባኝን ይሰጣል። አምስተኛው ይግባኝን በስሙ አይጠራም። ሆኖም ፍትሕ ከሚጓደልባቸው ቦታዎች አንዱ ይግባኝ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሊነበቡ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የይግባኝ ጊዜውም አጭር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ማለትን ለማሳወቅ ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ 15 ቀን፣ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ሰጥቷል። ስለዚህ በተከላካይ ጠበቃ የተከራከረ ሰውና ቤተሰቡ ፍርዱ በተነበበ ዕለት፣ ከችሎት ሳይወጡ፣ ጠበቃውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ይግባኙን የሚጽፈው እርሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ግልባጩንስ ማን ያወጣል?