ትከሻዬ የመረጠው ጠመንጃ

አባቴ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት የነበረው ቤልጅግ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ከበደኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ኮሎራዶ መጥቼ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማደን ስጀምር ግን ዕድሜዬ 50 አልፎ ነበር። ፍላት ቶፕስ በሚባሉት ተራሮች፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን ትከሻ ላይ ያለ ግማሽ ኪሎ እንኳ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ ፈለግሁ። መፈለጌ ልክ ነበር፤ አመራረጤ ግን አልነበረም።

ሻጩ ያቀበለኝ 2 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ነበር፤ የሚጎርሰው ደግሞ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት። ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ይደርሳልና ጉልበት ያስፈልገኛል ብዬ ደስ እያለኝ ገዛሁ። ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመጣውን ምት የሚያበርደው የጠመንጃው ክብደት ራሱ መሆኑን አላሰብኩም። ያው ጥይት ከ4 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ሲዛወር የምቱ ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ትከሻ አንዴ ከተቀጠቀጠ ደግሞ አይረሳም።

በመጀመሪያው ጥቅምት አንዲት ኤልክ ሆዷ ላይ መታሁ። ደሟን ተከትለን እስኪመሽ፣ በማግስቱም እስከ ቀትር ፈለግን፤ አላገኘናትም። እስካሁን ከዓይኔ አትጠፋም።

አብሮኝ የሚያድን የአገሬ ልጅ ወደ ተኩስ ሜዳ ወሰደኝ። ጠመንጃውን እሱ እያጎረሰ ይሰጠኛል፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት። የትኛው እንደሆነ አይነግረኝም። በሦስተኛው ምላጩን ስስብ ቀጭ አለ፤ ምንም አልተተኮሰም፤ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ወረደ፣ ዓይኔም ተጨፍኖ ነበር። «ጋሼ፣ ጥይት እኮ አልነበረበትም» አለኝ ቀስ ብሎ። ያቺን ኤልክ ያቆሰላት ይህ ፍርሃት ነው።

ያንን ጠመንጃ መለስኩና 3 ኪሎ የሚጠጋ፣ ባለ .308 ጥይት ያዝኩ። ዊንቸስተር ይህን ጥይት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ በዚያው ዓመት ሞዴል 70 የተባለውን ጠመንጃውን ቀለል አድርጎ «ፌዘርዌይት»፣ ማለትም ላባ ክብደት፣ ብሎ አውጥቶታል። ለኤልክ ይበቃል፤ ትከሻዬም ይችለዋል።

ቀላል ጠመንጃ እንደገዙት አይሠራም፣ መስተካከል አለበት። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ለአደን የምለብሰውን ወፍራም ካፖርት እለብሳለሁ፤ በሸሚዝ የተለካ ሰደፍ በካፖርት ይረዝማልና። ዓይኔን ጨፍኜ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለሁ። ዓይኔን ስገልጥ በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ ሙሉ ክብ ከታየኝ ቦታው ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ ካለ መነጽሩን አንሸራትቼ ብሎኑን አጠብቃለሁ። ለዓይን በጣም ከቀረበ በምቱ ቅንድብ ይሰነጥቃል። ቀጥሎ የዶላር ብር በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብቼ እስከ ካዝናው ድረስ እስባለሁ። በብዙ ጠመንጃ በርሜሉ እንጨቱን መንካት የለበትም፤ ብሩ ከተያዘ አንድ ቦታ ይነካል ማለት ነው፣ ጥይቱም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ያርፋል።

ተኩስ ሜዳ ላይ በ100 ያርድ ከመሃሉ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ አደርገዋለሁ፤ እንዲያ ሲሆን በ200 ያርድ መሃሉን ያገኛል። ከዚያ በላይ ርቀት እኔ አልተኩስም። ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ጥይቱ ቦታ ይቀይራል። ሦስት ተኩሼ 10 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ተራራ ላይ የሚቆጠረው ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት ነውና፣ እሱ የት እንደሚያርፍ ለብቻው እመዘግባለሁ። ድንጋይ ላይ ስደገፍም እጄን ከእንጨቱ ሥር አደርጋለሁ እንጂ በርሜሉን አላስነካም።

ከዚያ ወዲህ የተኮስኩባቸው ሁለት ኤልኮች የቆሙበት አካባቢ ወድቀዋል፤ ሥጋቸውም የነቢያት ጾም ሳይገባ ለሦስት ቤተሰብ ደርሷል። ጠመንጃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ያንኑ ዓይነት ካለው ሰው ጋር ተኩስ ሜዳ ሂዱና 20 ጥይት ተኩሱበት። በ20ኛው ዓይናችሁ ከተጨፈነ አትግዙት።