የዘመድ ውጤት ለእኛ ይሠራል?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ውጭ አገር ያለች እህት ምራቋን በብልቃጥ ለድርጅት ትልክና “የጡት ካንሰር አምጪ ጂን አልተገኘም” የሚል ውጤት ይደርሳታል። ጎሮ ያለችው ታናሿም “እንግዲያው እኔም ነፃ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ” ብላ ታርፋለች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። (ጂን ስንል የምናወራው ስለ ዘረመል ነው፤ አያተል ኩርሲይ ከሚቀራበት ጋር አይገናኝም።)

ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ተለይተው ታወቁ። ሥራቸው በሴል ውስጥ የተበላሸ የዘር ጽሑፍ መጠገን ነው። ጠጋኙ ራሱ ተበላሽቶ ከተወረሰ፣ ከ100 ሴቶች 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ከአባትም ይወረሳል። ብልሽቱ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ፣ የታላቋ ውጤት ለታናሿ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም አለ። የብልሽቱ ዓይነት ከሺህ በላይ ነው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በ2018 ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ሲያገኝ የሚያየው ሦስቱን ብቻ ነበር፤ እነሱም በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ዘንድ የሚበዙት ናቸው። በ2023 ወደ 44 ከፍ አለ። ስለዚህ ለሐበሻ ቤተሰብ “አልተገኘም” ማለት አብዛኛውን ጊዜ “አልተፈለገም” ማለት ነው።

313 ጥቃቅን ልዩነቶችን ደምሮ ስጋትን በነጥብ የሚሰጥ ስሌትም በ2019 ወጥቷል። አንዲት የታመመችና አንዲት ጤነኛ ሴት ቢቀርቡለት፣ አውሮፓውያን ከሆኑ ከ100 ጊዜ 63 ያህሉን የታመመችዋን ይለያል። በአፍሪካ ዝርያ ሴቶች ላይ ወደ 57 ይወርዳል፤ ሳንቲም ብንወረውር 50 እናገኛለን። በሌላ ቦታ የተስተካከለ መለኪያ አምጥቶ ማንበብ ምን እንደሚያስከትል ላቦራቶሪ የገባን ሁሉ እናውቃለን። የእኛ ደግሞ ይብሳል፦ በ2012 የታተመ ጥናት የሴምና የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ዘረመል ከ40 እስከ 50 በመቶው ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ የተወረሰ መሆኑን አሳይቷል። ለአውሮፓም ለምዕራብ አፍሪካም የተሠራ ስሌት በልካችን አልተሰፋም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ገይብን መመርመር ነው ይላሉ። አይመስለንም። ከ100 ሰባ ሲባል ሠላሳዎቹ አይታመሙም፤ የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ግመልን ማሰር ተወኩልን እንደማያፈርስ ደግሞ መድረሳ ተምረናል።

በእጃችን ያለው ገመድ የቤተሰብ ታሪክ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አክስታችን በምን ሞተች ሲባል ግን “በክፉ በሽታ” ብለን እናልፋለን። ለዓረፋ አገር ቤት የምትሄዱ፣ በእናትም በአባትም ወገን ጠይቁ፦ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የያዘው ማን ነው? ከ50 ዓመት በፊት ነበር? ጡቱን የታመመ ወንድስ አለ? መልሱን ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። እብጠት ያገኘች እህት ግን ዓረፋንም የምራቅ ውጤትንም ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ።